ኩርፊያ ያልሆነ ዝምታ

አባቴ ያረፉት ጅጅጋ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቼ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሎ፣ የእድሩ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፣ ንፍሮው እየዞረ ነበር። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሰው መካከል ተቀመጥኩ። «እግዚአብሔር ያጽናህ» ያለኝ፣ «አላህ ሰብሩን ይስጥህ» ያለኝ፣ እጄን ይዞ ምንም ሳይናገር አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ብዛቱን አላውቀውም። ከቀብሪበያህ የመጣ ነበር፤ ከቶጎጫሌ የመጣ ነበር፤ ሐረር ወሬው ደርሶት በሌሊት የተነሣ ነበር። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ አገር ያስተማሩ ሰው ስለነበሩ ለቀስተኛው ሁሉ አንድ አንድ ታሪክ ይዞ ነው የሚመጣው። ታሪኩን ማዳመጥ፣ ራስ መነቅነቅ፣ ማመስገን ደግሞ የልጃቸው የእኔ ግዴታ ነው።

በሠልስቱ ከሰዓት በኋላ አቃተኝ። ሰው ሲያነጋግረኝ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ የሚለው አይገባኝም። አንድ የአባቴ የሥራ ባልደረባ የጠየቁኝን ጥያቄ ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው። እንባዬም ደርቋል። በጓሮ በር ወጣሁና ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ፣ ካራማራን ፊት ለፊት እያየሁ ሄድኩ። ከቤቶቹ ስርቅ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ያደረግኩት ነገር የለም። ነፋስ ነበር፤ ፍየሎች ነበሩ፤ ዳገቱን እያቃሰተ የሚወጣ የጭነት መኪና ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቼ ተመለስኩ።

አክስቴ የጓሮው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «ማን ምን ብሎህ ነው ያኮረፍከው?» አሉኝ። «ማንም ምንም አላለኝም፤ ደክሞኝ ነው» ብላቸው፣ «የተቀመጠ ሰው ምን ያደክመዋል?» አሉ። አጠገባቸው የነበሩት አዛውንት ሶማሌ ጎረቤታችን፣ በጅጅጋ ደንብ «አዴር» ብለን የምንጠራቸው፣ ጣልቃ ገቡ። «ተዉት፤ ግመል ሊያይ ሄዶ ነው» አሉ። በዙሪያው የነበረው ሰው ፈገግ አለ። እኔ ግመል የለኝም፤ አባቴም አልነበራቸውም። ብቻ ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ እንደ ተቀመጥኩ አንድ ሰው የአባቴን ስም ጠራ፤ እውነተኛው ልቅሶ ያን ጊዜ መጣልኝ።

የአክስቴ ጥያቄ ከዚያ ቀን ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። የተቀመጠ ሰው ምን ያደክመዋል? ይህን የምጽፈው አክስቴን ለመክሰስ አይደለም። ጥያቄያቸው የሁላችን ጥያቄ ነው፤ በቋንቋችን ውስጥ አለ፤ ከፍ አድርገን በምናያቸው ልብ ወለዶቻችን ውስጥም አለ። እኔ ዛሬ መተቸት የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ስም የሌለው ድካም

እስቲ አንባቢ ይፍረደኝ። ከሰው ጋር ውሎ የደከመውን፣ ሰውን ሳይጠላ ለጥቂት ጊዜ ብቻውን መሆን የሚያስፈልገውን ሰው አማርኛ ምን ብሎ ይጠራዋል? «አኩራፊ» እንዳንል፣ ለኩርፊያ ያስቀየመ ሰው መኖር አለበት። «ኩሩ» እንዳንል፣ ኩሩ ሌላውን ዝቅ አድርጎ የሚያይ ነው። «ብቸኛ» ሰው የሌለው ነው፤ የእኔ ድንኳን ደግሞ ሞልቶ ተርፏል። «ዓይን አፋር» መቅረብ እየፈለገ የሚፈራ ነው፤ እኔ ግን ከምወዳቸው ሰዎች ጋር፣ በምወደው ወግ መካከልም እደክማለሁ። የሚቀርበው ቃል «ጭምት» ነው፤ ምስጋናም አለበት። ነገር ግን ጭምት የሚባለው ተቀምጦ ዝም ያለው ነው። ተነሥቶ የሄደውን ጭምት ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

በአንጻሩ ለወግ ያለንን ፍቅር ተመልከቱ። ወሬን «ጨዋታ» ብለን ሰይመነዋል። ያምራል። ጨዋታ በመሆኑም ሰው በጨዋታ ይደክማል ብሎ የሚጠረጥር የለም። ልሂድ ብሎ የተነሣ ሰው «በሞቴ» ይባላል፤ «አፈር ስሆን» ይባላል። እንግዲህ ከአንድ ቤት ለመውጣት የወዳጅን ሞትና መቃብር ረግጦ ማለፍ ሊኖርብን ነው። ይህን ጀግንነት ያላገኘ ሰው ሰበብ ይፈጥራል፤ ራሴን አሞኛል፣ ቀጠሮ አለብኝ፣ ሰው ይጠብቀኛል ይላል። በሠላሳና ከዚያ በላይ በሆነው ዕድሜዬ የዋሸኋቸው ውሸቶች ቢቆጠሩ የሚበዙት ከግብዣ ለመውጣት የዋሸኋቸው ናቸው። ቀሪዎቹ ደግሞ ወደ ግብዣ ላለመሄድ።

ሌላው ዓለም ለዚህ ጠባይ ስም ካወጣለት ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቡና ሊቅ ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው መጽሐፍ ሰዎችን ኃይላቸው ወደ ውጭ፣ ማለትም ወደ ሰውና ወደ ነገር የሚያዘነብል እና ወደ ውስጥ፣ ወደ ራሳቸው ሐሳብ የሚያዘነብል ብሎ ለያቸው። ዩንግ ራሱ ግን ሙሉ በሙሉ የአንዱ ወገን ብቻ የሆነ ሰው አይገኝም ባይ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ደግሞ ይህን ጠባይ ከዓይን አፋርነት ለይተው አዩት። ዓይን አፋርነት ፍርሃት ነው። ይህኛው የመጠን ነገር ነው፤ አንዱ በሁለት ማሰሮ የሚጠግበውን ሌላው በአንድ ብርጭቆ ይጠግባል።

ከዚህም የሚገርም አለ። ሁለት የፊንላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለቀናት በየዕለቱ ስሜታቸውንና ከሰው ጋር የነበራቸውን ሁኔታ ደጋግመው እንዲመዘግቡ አደረጉ። ሰው ተጫዋች በሆነበት ሰዓት ደስታው ከፍ ይላል። ከሦስት ሰዓት ያህል በኋላ ግን ድካም ይመጣል። ይህ የታየው በዝምተኞቹ ላይ ብቻ አልነበረም፤ በተጫዋቾቹም ላይ ነው። ስለዚህ ለአክስቴ መልስ አለኝ ማለት ነው። የተቀመጠ ሰው ይደክማል። እርስዎም ይደክማሉ፤ ልዩነታችን እኔ ቶሎ ስለሚሰማኝ ተነሥቼ መሄዴ፣ እርስዎ ደግሞ «ዛሬ ምን እንደነካኝ እንጃ» ብለው ማለፍዎ ሊሆን ይችላል።

አራት የፈቃድ ወረቀቶች

ስም ያልወጣለትን ነገር ስም እንኳ ባያገኝለት ሥጋ የሚያለብሰው ሥነ ጽሑፍ ነው። ከጅጅጋ እንደተመለስኩ መደርደሪያዬን የፈተሽኩት ለዚህ ነበር። ከሰው ደክሞ ፈቀቅ ያለ፣ ዐርፎም የተመለሰ አንድ ገጸ ባሕርይ ፈለግኩ።

ከትልቁ ልጀምር። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ካሣ ዳምጤን ሰጥቶናል። ከመኳንንቱ ወገን የተወለደ፣ የተማረ ሰው ነው። እንደ ወገኖቹ ስላላሰበና ያሰበውን ስለተናገረ አገሩ «ጉዱ» የሚል ቅጽል ለጠፈበት። ልብ እንበል፤ ጉዱ ካሣ ዝምተኛ አይደለም፤ የሚያዳምጠው ሲያገኝ ንግግሩ አያልቅም። ከሰው የተለየው በሐሳቡ ነው። ቢሆንም ደራሲው ያሳዩን የማኅበረሰቡ አሠራር እውነት ነው። ከመሐል ፈቀቅ ያለውን ሰው «ምን አገኘው?» ብሎ መጠየቅ አድካሚ ስለሆነ «ጉድ ነው» ብሎ መገላገል ይቀላል። በታሪኩ መጨረሻ ሰብለ ወንጌል ቆብ ትጭናለች። ስለዚህ በዚህ ታላቅ መጽሐፍ ከሰው ለመለየት የተከፈቱት በሮች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ጉድ መባል ነው፤ ሌላው መመንኮስ ነው።

በ1962 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ሦስተኛ በር ከፈተ። አበራ ወርቁ የከተማ ሰው ነው፤ ደመወዝተኛ ነው፤ ልቡ ግን ያለው በጥበብ ላይ ነው። ቢሮው፣ ዘመዱ፣ ወዳጁ በየአቅጣጫው ይጎትቱታል። ይህን መጎተት እንደ በዓሉ አድርጎ ያሳየ ጥቂት ነው፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም አበራ ለብቻው ጊዜ የሚፈልግበት ምክንያት አለው፤ ሊሠራው የሚመኘው ሥራ አለ። አንባቢው ይቅር የሚለው ስለዚህ ነው። ሸራና ብዕር የሌለው፣ ከቢሮ ወጥቶ ግድግዳ ማየት ብቻ የሚሻ አበራ ቢሆን ኖሮ እንወደው ነበር? እጠራጠራለሁ።

አራተኛውን በር በ1997 ዓ.ም. በታተመው የአዳም ረታ «ግራጫ ቃጭሎች» አገኘሁት። ተራኪው መዝገቡ ወደ ውስጥ የሚያይ፣ ትንሹን ነገር ሁሉ የሚያስተውል ሰው ነው። በአማርኛ የአንድን ሰው የውስጥ ጸጥታ በዚህ ትዕግሥት የጻፈ ሌላ ደራሲ በቀላሉ አይመጣልኝም። ነገር ግን እኔ እንዳነበብኩት ጸጥታው ከሕመም ጋር የተጋባ ነው፤ አንባቢ መጽሐፉን ሲዘጋ ዝምታን ከቁስል ነጥሎ ማየት ይቸግረዋል።

እንግዲህ ጉድ፣ መነኩሴ፣ ጥበበኛ፣ ቁስለኛ። ልብ ወለዶቻችን ፈቀቅ ለሚል ሰው የሚሰጡት የፈቃድ ወረቀት እነዚህ አራቱ ናቸው። በኑሯችንም ከዚህ ብዙ አንርቅም። ክርስቲያኑ በፍልሰታ ሱባኤ ገብቶ ለ15 ቀን ቢሰወር «ምን አስቀየምነው?» የሚል የለም። ሙስሊሙ በረመዳን የመጨረሻዎቹ ዐሥር ቀናት ኢእቲካፍ ብሎ መስጊድ ቢከርም ይከበራል። በፈጣሪ ስም የተዘጋን በር ማንም አያንኳኳም። ሃይማኖቶቻችን ሰው ከሰው ማረፍ እንደሚያስፈልገው ከማናችንም በፊት ያወቁ ይመስለኛል። ችግሩ ወረቀት የሌለው ሰው ነው። ጉድ ያልሆነ፣ ያልተሳለ፣ የማይሥል፣ ያልቆሰለ፤ ብቻ ቅዳሜ ሰርግ፣ እሑድ ማኅበር፣ ሰኞ ስብሰባ ውሎ ማክሰኞ ማታ በሩን መዝጋት የሚፈልግ ተራ ሒሳብ ሹም፣ ተራ መምህር፣ ተራ የቤት እመቤት። ይህ ሰው በመጻሕፍቶቻችን ውስጥ የለም። ስለሌለም አክስቴ አያውቁትም።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ባነበብኳቸው በአብዛኞቹ ልብ ወለዶቻችን ፈቀቅ ያለ ሰው እንደ ወጣ ይቀራል። ወደ ገዳም ይሄዳል፣ ወደ መጠጥ ይሄዳል፣ ወደ መቃብር ይሄዳል። ሁለት ሰዓት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ወደ ድንኳኑ የሚመለሰውን ሰው የጻፈው የለም። የዚህ ሰው ታሪክ ግን ያለው በመመለሱ ውስጥ ነው።

አክስቴም እውነት አላቸው

ይህን ሁሉ ጽፌ ብዕሬን ባስቀምጥ ሐሰተኛ እሆናለሁ። ምክንያቱም ሰው በሰው መከበቡ በካራማራ ሥር የጨዋታ ፍቅር ብቻ አይደለም።

ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅጅጋ በተነሣው ሁከት ሰው ተገደለ፤ ቤትና ሱቅ ተዘረፈ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ስልክ እየደወልኩ ስልኩ አይሠራም። አባቴ በእነዚያ ቀናት የነበሩት «ግመል ሊያይ ሄዶ ነው» ባሉት በአዴር ቤት፣ ከሴቶቹ ክፍል ጀርባ ባለች ጓዳ ውስጥ ነበር። አክስቴም አብረው ነበሩ። ያን ጊዜ በከተማው ውስጥ ጎረቤቱን ያላወቀ ሰው፣ ቡና ጠርቶ ያልተጠራ ሰው፣ ሻሂ አብሮ ያልጠጣ ሰው ወዴት ይገባ ነበር? ለአክስቴ የሰው ብዛት ግንብ ነው። ከግንቡ ውስጥ አንድ ድንጋይ ተነሥቶ ሲሄድ ቢደነግጡ አልፈርድባቸውም። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለውን ተረት እሳቸው የሚያውቁት በሆድ ሳይሆን በነፍስ ነው።

ስለዚህ ለብዙ ጊዜ በራሴ አፈርኩ። አባቴን ካተረፉ ሰዎች መካከል ተቀምጬ መድከሜ ውለታ ቢስነት መሰለኝ። ዛሬ እንደዚያ አላስብም። ድካምና ውለታ በተለያየ መዝገብ የሚጻፉ ነገሮች ናቸው። እናት ልጇን ስለምትወድ እንቅልፍ አያስፈልጋትም አይባልም። ደክሞኝ የተቀመጥኩበት የመጨረሻው ሰዓት ለለቀስተኛው ምን ሰጠው? የማይሰማ ጆሮና የውሸት መነቅነቅ ሰጠው። ሄጄ በመምጣቴ ግን ቀሪዎቹን ቀናት ሰው ሆኜ ተቀበልኳቸው። ባለውለታን በባዶ ዓይን ከማየት ለሁለት ሰዓት ከፊቱ ዞር ማለት የሚሻል ይመስለኛል።

የካራማራ ጓዳዎች

ካራማራ ለአገሩ ሁሉ የመድፍ ስም ነው። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ከሶማሊያ ጦር እጅ የተመለሰችበት ቀን በየዓመቱ የሚነሣው በዚህ ተራራ ስም ነው። ጅጅጋ ተወልዶ ያደገው ነጋ መዝለቂያ እ.ኤ.አ. በ2000 በካናዳ ያሳተመው የእንግሊዝኛ ማስታወሻም በአብዮትና በጦርነት ስለተዋጠ ልጅነት ይነግረናል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን ስለዚያ አገር የምናነበው ሁሉ ጩኸት ሆኖ አገሩ ለጸጥታ ያበጀው ቦታ ሳይጻፍ ቀርቷል።

የአዴርን ቀልድ ትርጉም የጠየቅኳቸው ከሠልስቱ በኋላ ነው። በልጅነታቸው ግመል ጠባቂ ነበሩ። የሶማሌ አርብቶ አደር ልጅ ሰባትና ስምንት ዓመት ሲሞላው ከግመሎቹ ጋር ይወጣል። ሴቶች፣ ሕፃናት፣ በጎችና ፍየሎች ባሉበት ሰፈር እንደሚቀሩ፣ ግመሎቹን የያዙት ወጣቶች ደግሞ ግጦሽ ተከትለው ሩቅ እንደሚሄዱ የአንትሮፖሎጂው ምሁር ዮዋን ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጥናቱ በዝርዝር ጽፎታል። «ሰፈር ስንገባ ወሬ አለ፣ ጎሳ አለ፣ ጠብ አለ፣ ሰርግ አለ» አሉኝ አዴር። «ሲበዛብህ ወደ ግመል ትሄዳለህ። የት ሄደ የሚል የለም። ግመል ሊያይ ሄዷል ነው የሚባለው።» እንግዲህ እሳቸው በዚያ በጓሮ በር ላይ የሰጡኝ አምስተኛ የፈቃድ ወረቀት ነበር። ቀልደው አልነበረም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። ሶማሌ ቅኔን የመሰለ ማኅበራዊ ጉዳይ የለውም። ጋባይ የሚባለው ረጅም ግጥም ሰው ተሰብስቦ በሚሰማበት ይደረደራል፤ ጠብ ይበርድበታል፣ ጠብ ይነሣበታል። ቋንቋው በ1972 እ.ኤ.አ. የራሱ ይፋ ፊደል እስኪያገኝ ድረስ ግጥሙ የኖረው በሰሚዎች ትዝታ ነበር። ግጥሙ የሚፈጠረው ግን በጉባኤው መካከል አይደለም። ገጣሚው ለብቻው ሰዓታትን፣ አንዳንዴም ቀናትን ወስዶ፣ ቃሉን መርጦና አሰናድቶ ነው ወደ ሰው የሚመጣው። ሰሚው ገጣሚው የት እንደ ነበር አይጠይቅም፤ ይዞት የመጣውን ይሰማል። ከሰው መራቁና ወደ ሰው መመለሱ በአንድ ሥራ ውስጥ የተሰፉ ናቸው።

የከተማው ሰው ደግሞ በርጫ አለው። ብዙ የአዲስ አበባ ጸሐፊዎች በርጫን የወሬ ቤት አድርገው ይጽፉታል፤ ግማሹን ብቻ ስላዩ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ፍራሽ ላይ የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ ይፈነድቃል፣ አገር ያቀናል፣ መንግሥት ያወርዳል። ፀሐይ ወደ ካራማራ ስታዘነብል ግን ምርቃናው መልኩን ይለውጣል። ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ስድስት ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ሆኖ ስድስቱም ለየብቻቸው ናቸው። አንዱ ሌላውን «ምን ሆነህ ነው ዝም ያልከው?» አይልም። ወጣት ሳለሁ ይህን ሰዓት እወደው ነበር። ዝምታ ነውር ያልሆነበት ብቸኛው የወንዶች ቤት መስሎኝ ነበር።

አሁን ሳስበው ያ ጸጥታ የብድር ነው። ጫቱ ካቲኖን የሚባለውን አነቃቂ ንጥረ ነገር ይዟል፤ ከተቆረጠ በኋላ በጥቂት ቀናት ኃይሉ ስለሚቀንስ ነው ከአወዳይ የሚነሡት መኪኖች እንደዚያ የሚበሩት። በእሱ የመጣ ዝምታ ሌሊቱን እንቅልፍ ይነሣል፤ በማግስቱ ድብርት ያመጣል፤ ድብርቱን ለማጥፋት ደግሞ እንደገና ፍራሽ ላይ መቀመጥ ይጠይቃል። ከሰው ለማረፍ የገባህበት ቤት ነገም ወደ ሰው መካከል ይጠራሃል። ዕረፍት ቢሆን ኖሮ ሰውዬው ታድሶ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። እኔ የማውቃቸው ግን የሚገቡት ከሚስትና ከልጅ ጋር የሚነጋገሩበት ጉልበት ተሟጦ ነው። ዛሬ ስልኩም እንደዚሁ ነው። ከስብሰባ ወጥቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ የሃምሳ ሰው መልእክት የሚያነብ ሰው ብቻውን አይደለም።

ሁለት ሰዓት በማን ትከሻ?

ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ልቋጨው ነበር። የመጀመሪያውን ረቂቅ ለእህቴ በስልክ አነበብኩላት። እህቴ ጅጅጋ ነው የምትኖረው። እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «እኔ የት ነበርኩ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። አባቷም ናቸው። በእነዚያ ሦስት ቀናት ንፍሮውን የቀቀለችው፣ ቡናውን ያፈላችው፣ ውኃውን ያስቀዳችው፣ ከሩቅ የመጣውን ያስተኛችው እሷ ነበረች። እኔ በጓሮ በር ስወጣ ምድጃው አጠገብ ቆማ አይታኛለች። ለቀስተኛ «ልጁስ?» ሲል የመለሰችው፣ በእኔ ፈንታ የተጨበጠችው እሷ ነች። የእኔ ሁለት ሰዓት በእሷ ትከሻ ላይ የተገኘ ነበር። ከላይ የቆጠርኳቸውን በሮች አንባቢ ተመልሶ ይያቸው። ከሰብለ ወንጌል ቆብ በቀር ሁሉም የወንድ በሮች ናቸው። ግመሉ የወንዶች ነው፤ በርጫውም፣ ወደ ካራማራ የሚያስወጣው መንገድም ከሞላ ጎደል የወንዶች ነው። ቡና ለሴቶች የመገናኛ ደስታ ነው እንላለን። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪያልቅ ከረከቦቱ አጠገብ መነሣት የማትችለው አንዷ ማን እንደ ሆነች ግን አንጠይቅም።

«ታዲያ አንቺ መቼ ነው የምታርፊው?» አልኳት። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ትነሣለች። ልጆቹም ባሏም ተኝተዋል፤ የመስጊዱ አዛን ገና እያለቀ ነው። አንዲት ሲኒ ቡና ለራሷ ብቻ አፍልታ በጨለማ ትቀመጣለች። ማንም አያውቅባትም። «ቢያውቁ ምን ሆንሽ ይሉኛል» አለችኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእንቅልፏ እየቆረጠች የተቀመጠችባት ሰዓት ናት። እኔ በዚህ ጽሑፍ ስፈልገው የከረምኩት ገጸ ባሕርይ እህቴ ቤት ነበረች። ጉድ አይደለችም፤ አልመነኮሰችም፤ አትሥልም፤ የቆሰለችም አይመስለኝም። ደክሟት ታርፋለች፤ ዐርፋም ቀኑን ሙሉ ለሰው ትሆናለች።

ደራሲዎቻችንን የምለምነው ይህችን ሴት እንዲጽፏት ነው። ታላቅ አሳዛኝ ታሪክ አያስፈልጋትም። በዚያች ሰዓት ውስጥ የምታስበውን፣ ምናልባትም የማታስበውን፣ ከዚያ ደግሞ በሩን ከፍታ ለጎረቤቷ «እንዴት አደርሽ» የምትልበትን ድምፅ ይጻፉልን። አንድ ጥሩ መጽሐፍ ለአንድ ቋንቋ አንድ ቃል ይጨምርለታል። ይህ ቃል ቢኖረን ብዙ ውሸት፣ ብዙ የሐሰት ራስ ምታት፣ ብዙ የከንቱ ቅያሜ ይቀርልን ነበር።

ለአባቴ አርባ ጅጅጋ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ እንደገና በሰው ሞላ። ረከቦቱን ወደ እኔ ሳብኩና እህቴን «ሂጂ» አልኳት። ወንድ ቡና ሲቀዳ ያዩ ሴቶች ሳቁ፤ እኔም አቦሉን አቀጠንኩት። እሷ ነጠላዋን አጣፍታ በጓሮ በር ወጣች። ብዙም ሳይቆይ አክስቴ ዙሪያቸውን አዩና «ይቺ ልጅ ወዴት ሄደች? ማን አስቀየማት?» አሉ።

«ግመል ልታይ ሄዳ ነው» አልኳቸው።

አክስቴ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ወደ ጀበናው ጠቆሙና «እንግዲያው ቶናውን አቆይላት» አሉ።